ሾፌሩ የሌለበት ስም

የራሊ ሾፌሩ ኬን ብሎክ በ2023 መባቻ ሞተ። ዓመት ሳይሞላው እሱ ያቋቋመው የንግድ ስም ግዙፍ የመኪና ዕቃ ሻጭ ድርጅት ላይ ተለጠፈ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ያው ድርጅት ከነዕዳው ፍርድ ቤት ቆመ። ብዙዎች ሁሉንም የአንድ ሐዘን ታሪክ አድርገው ያወሩታል። የሂሳብ መዝገቡ ግን ሌላ ይላል።

ላስ ቬጋስ ሌሊቱ እንደ ቀን ነው። የቁማር ቤቶቹ መብራት አስፋልቱን ያጥለቀልቀዋል፤ መንገዱ ግን ለቀረጻ ተዘግቶ ጭር ብሏል። ከአንድ መታጠፊያ፣ መሬት ልትልስ የደረሰች፣ ጀርባዋ ላይ ሰፊ ክንፍ የተሸከመች መኪና ብቅ ትላለች። የውድድር መኪና የለመደ ጆሮ የሞተር ጩኸት ይጠብቃል፤ የሚሰማው ግን የጎማ ሲጥሲጥታ ነው። ኦዲ የሠራት ይህች መኪና በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት፤ ስሟም ሁኒትሮን ይባላል። አራቱም ጎማዎች አንድ ላይ ይሽከረከራሉ፣ ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል፣ መኪናዋም በጎኗ እየተንሸራተተች ታልፋለች።

መሪውን የያዘው ኬን ብሎክ ነበር። «ኤሌክትሪካና» የተባለው ይህ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በ2022 መኸር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2023፣ ብሎክ በዩታ ተራሮች ላይ በስኖውሞቢል፣ በበረዶ ላይ በሚሄድ ተሽከርካሪ፣ ዳገት ሲወጣ ተሽከርካሪው ተገልብጦ ላዩ ላይ ወደቀ። በ55 ዓመቱ አረፈ።

ከሞቱ በኋላ የመኪና ወዳጆችን ሲያነጋግር የቆየው ጥያቄ «ሁኒጋን ምን ሊሆን ነው?» የሚል ነው። ሁኒጋን ብሎክ ከባልደረባው ጋር ያቋቋመው፣ ፊልም የሚሠራ፣ ቲሸርት የሚሸጥ፣ ጎማ የሚያቃጥል ቤት ነው። በ2024 ሴፕቴምበር ላይ የኪሳራ ዜናው ሲሰማ ብዙ ሰው መልሱን ያገኘ መሰለው፤ ሰውየው ሞተ፣ ስሙም ተከተለው ተባለ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን እዚያ የለም።

ጫማ ሻጩ ሾፌር

ብሎክ ወደ መኪና ውድድር የገባው ነጋዴ ሆኖ ነው። በ1994 ከዴመን ዌይ ጋር ዲሲ ሹዝን መሠረተ፤ የስኬትቦርድ ልጆች የሚጫሙት ወፍራም ጫማ ነው። በ2004 ኩዊክሲልቨር ድርጅቱን ገዛው። በቀጣዩ ዓመት ብሎክ ራሊ መንዳት ጀመረ። ሌሎቹ ሾፌሮች ገና በልጅነታቸው ጎካርት ላይ የተሳፈሩ ናቸው፤ እሱ ግን አርባ ሊሞላው ጥቂት ዓመት ነበር የቀረው።

በአሜሪካ ራሊ ጥሩ ተፎካካሪ ወጣው። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ግን አንድም ጊዜ ከሦስቱ አሸናፊዎች ተርታ አልቆመም። ፈጣን ነበር፤ ከሁሉ የፈጠነ ግን አልነበረም። ዝናውን ያመጣለት ሌላ እውቀት ነው። የስኬትቦርድ ንግድ በውድድር ውጤት አይኖርም። ልጆቹ ደረጃ ዘልለው ሲያርፉ፣ በብረት ድጋፍ ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሳይ አጭር ፊልም ይቀረጻል፤ ፊልሙን ያየ ልጅ ጫማውን ይገዛል። ብሎክ ይህንን ብልሃት ከጫማ ወደ መኪና አሻገረው።

በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤል ቶሮ በሚባል የተዘጋ የባሕር ኃይል ወታደሮች አየር ማረፊያ አንዲት ሱባሩ ይዞ ገባ። ፊልሙ ላይ ተቀናቃኝ የለም፣ ሰዓት የሚይዝ የለም፣ ዋንጫ የለም። በአንድ ትዕይንት አንድ ሰው ሴግዌይ በሚባል ባለሁለት ጎማ ማሽን ላይ ቆሟል፤ መኪናዋ በጎኗ እየተንሸራተተች ትዞረዋለች፣ ጭሱ ይውጠዋል፣ ሰውየው ንቅንቅ አይልም። «ጂምካና» የሚባለው ተከታታይ እንዲህ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ዩቲዩብ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ፊልሙ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአገር ወደ አገር ተዳረሰ።

በ2010 ብሎክ ከሱባሩ ወደ ፎርድ ተሻገረ። በ2012 በፎርድ ፊየስታ የሳን ፍራንሲስኮን ዳገቶች እየዘለለ የወረደበት ፊልም ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። በ2016 ተራው የዱባይ ሆነ፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚመላለሱባት ከተማ ከነቅንጡ የፖሊስ መኪኖቿ የፊልም መድረክ ሆነች።

> ማስታወቂያ ሰው የሚሸሸው ነገር ነው። ብሎክ ሰው ፈልጎ የሚያየው፣ አይቶም ለጓደኛው የሚልከው ማስታወቂያ ሠራ።

ለስፖንሰሮቹ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በተለመደው ውድድር መኪናህ ወደ ኋላ ከቀረ ካሜራው ይረሳሃል፤ የከፈልክበት ምልክት አቧራ ውስጥ ይቀራል። በጂምካና የምትታየው መኪና አንድ ናት። በሯ ላይ የተጻፈው የኃይል ሰጪ መጠጥ፣ እያቃጠለች የምትሄደው ጎማ፣ ሾፌሩ የተጫማው ጫማ ሁሉ በቅርብ ይታያል። ሽንፈትም የለም።

አሥር ደቂቃ ለማትሞላ ፊልም

የሳን ፍራንሲስኮው ፊልም አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ቀረጻው ግን አራት ቀን ወስዷል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምረው ከከተማ አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ መንገድ መዝጋት፣ በየመስቀለኛው ፖሊስ ማቆም። ከዚያ ሾፌሩና የፊልሙ ሰዎች መንገዱን በእግራቸው ይሄዱበታል። አስፋልቱ የት ጋ ይጎብጣል? የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ምን ያህል ከፍ ይላል? መኪናዋ ዘልላ ስታርፍ የሚጠብቃት ምንድን ነው? መልሱ ሲገኝ አንዲት መታጠፊያ ደጋግሞ መንዳት ይመጣል።

መኪናዋ ውስጥ ከመሪው አጠገብ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም የእጅ ፍሬን አለ። ሾፌሩ ሲስበው የፊትና የኋላ ጎማዎችን ያያዘው የኃይል ትስስር ለአፍታ ይላቀቃል፣ የኋላዎቹ ብቻ ይነክሳሉ፣ የመኪናዋም ጅራት ይወረወራል። በዚያችው ቅጽበት መሪውን ወደ ተቃራኒው መልሶ ነዳጅ ይረግጣል። ፍሬኑ በዓይን ጥቅሻ ከዘገየ ግድግዳ አለ፤ ከቸኮለ ደግሞ ካሜራው ከግድግዳው የራቀች ሰነፍ መኪና ይቀርጻል። ሙከራው ባለቀ ቁጥር መካኒኮች ያለቀ ጎማ አውጥተው አዲስ ይገጥማሉ፣ ከሥር ገብተው የታጠፈ ብረት ይፈትሻሉ።

በፊልሙ ላይ የሚታየው አንድ ሰው ነው፤ ሥራው ግን የብዙ ሰው ነው። የሁኒጋን ተባባሪ መሥራች ብራያን ስኮቶ ቀድሞ የመኪና መጽሔት አዘጋጅ ነበር። ታሪክ ማዋቀር ያውቃል። ከእሱ ጋር ቀራጮች፣ ድምፅ ሠሪዎች፣ ከባዶ ብረት መኪና የሚያቆሙ በያጆች ነበሩ። በ1965 ፎርድ ሙስታንግ ላይ የተሠራችው ሁኒኮርን የዚህ ዓይነት እጆች ውጤት ናት። በኋለኛው አሠራሯ 1,400 የፈረስ ጉልበት ይዛ በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ወጥታለች።

ስለ ሁኒጋን ሲወራ የሚዘነጋ ሌላ ሥራም አለ። ቤቱ በካሊፎርኒያ ግቢው ውስጥ የሚቀርጸው ተከታታይ ዝግጅት ነበረው። አንድ ወጣት በደሞዙ፣ በወላጆቹ ጋራዥ የሠራትን መኪና ይዞ ይመጣል። ሞተሩን ከየት እንዳመጣው፣ ምን እንደተሰበረበት፣ ማን እንደሳቀበት ያወራል። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ጎማው እስኪፈነዳ ግቢው ውስጥ ያሽከረክራታል። ብሎክ በሌለበት ቀን እንኳ ዝግጅቱ ይካሄድ ነበር። ተመልካቹ የሁኒጋንን ስቲከር ከኋላ መስታወቱ ላይ የሚለጥፈው ብሎክን ስለሚያደንቅ ብቻ አልነበረም፤ ግቢው እሱንም የሚያስገባ ስለመሰለው ጭምር ነው።

ቸርኬ ነጋዴው ሲመጣ

በ2021 ዊል ፕሮስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሁኒጋንን ገዛ። ዊል ፕሮስ የሚነግደው ቸርኬ ነው፤ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚመጣውን ሳይሆን ባለቤቱ ለማማር ብሎ የሚገዛውን። አሜሪካን ሬሲንግ፣ ፊዩል፣ ኬኤምሲና ሮቲፎርም የሚባሉት ስሞች በእሱ ሥር ናቸው። ከበላዩ ደግሞ ክሊርሌክ ካፒታል የተባለ፣ ድርጅቶችን እየገዛ የሚያስተዳድር የኢንቨስትመንት ተቋም ነበረ።

የግዢው ሐሳብ ለመረዳት አያስቸግርም። ቸርኬ እንደ ልብስ ፋሽን ነው፤ ለፋሽን ደግሞ ሕዝብ ያስፈልጋል። ዊል ፕሮስ መጋዘንና የማከፋፈያ መረብ አለው፣ ተመልካች የለውም። ሁኒጋን በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች አለው፣ የሚሸጠው ዕቃ ግን ከቲሸርትና ከስቲከር ብዙም አያልፍም። ሁለቱን ማጋባት ነው።

ጊዜውም የሚያማልል ነበር። በወረርሽኙ ወቅት ጉዞ ቀርቶባቸው ቤት የተቀመጡ አሜሪካውያን ገንዘባቸውን መኪናቸው ላይ አፈሰሱት። የመለዋወጫና የማስዋቢያ ገበያው ደራ። ዊል ፕሮስ በብድር ድርጅት ላይ ድርጅት ገዛ፤ በ2022 ፎር ዊል ፓርትስ የተባለውን የመኪና ዕቃ መደብር ሰንሰለት ከፖላሪስ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ቀዘቀዘ። ሰዉ እንደገና መጓዝ ጀመረ፣ የኑሮ ውድነቱ ተባባሰ፣ የብድር ወለዱ ናረ። መጋዘን ውስጥ ያለ ቸርኬ ሳይሸጥ ሲከርም ወለዱ አብሮት አይከርምም።

ብሎክ በሞተበት ዓመት መገባደጃ ላይ ዊል ፕሮስ የራሱን ስም ትቶ ሁኒጋን ተባለ። አንድ የፊልምና የቲሸርት ቤት መጠሪያ የነበረው ስም፣ ከነመጋዘኑ፣ ከነመደብሩ፣ ከነዕዳው የሁሉም መጠሪያ ሆነ። በ2024 ሴፕቴምበር ድርጅቱ በዴላዌር ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከአበዳሪዎቹ ጋር ያደረገው ስምምነት ከዕዳው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚቀንስ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅም ከጥበቃው ወጣ።

የአሜሪካ ሕግ «ምዕራፍ 11» የሚለው ይህ መንገድ ሱቅ መዝጋት ማለት አይደለም። ሥራው ይቀጥላል፣ ዕዳው እንደገና ይሸነሸናል፤ ብዙውን ጊዜም አበዳሪው ገንዘቡን ትቶ የባለቤትነት ድርሻ ይይዛል። ዜናውን በስልኩ ላይ ያነበበ ወጣት ግን ይህን ሁሉ አይመረምርም። የሚያየው «ሁኒጋን ከሰረ» የሚለውን ነው፤ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበትም ያ ጭስ የሞላው ግቢ ነው።

> ብሎክ በሕይወት ቢኖርም ወለዱ ያው ነበር። ልዩነቱ፣ የቸርኬው ዕዳ የፊልሙን ስም ለብሶ ፍርድ ቤት መግባቱ ነው።

ቀድመው የደረሰባቸው

የመኪና ስፖርት ሟቾቹ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ጥያቄው አዲስ አይደለም።

ብሩስ ማክላረን ሾፌርም፣ መሐንዲስም፣ በስሙ የሚጠራው ቡድን አለቃም ነበር። ጁን 2 ቀን 1970 በእንግሊዝ ጉድውድ አዲስ መኪና ሲሞክር ሞተ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቡድኑ ካናዳ ላይ ተሰልፎ በዳን ገርኒ ሾፌርነት አሸነፈ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ እጁ የተቃጠለው ዴኒ ሃልም ቁስሉ ሳይድን እየነዳ የዚያን ዓመት የካን-አም ሻምፒዮና አመጣ። በ1974 ኤመርሰን ፊቲፓልዲ በማክላረን የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ የማክላረንን መኪና የሚመኝ ሰው መሥራቹን ላያውቀው ይችላል። ስሙ የተረፈው እውቀቱ በአንድ ራስ ውስጥ ስላልነበረ ነው፤ ሥራ ቤቱ ውስጥ ነበር፣ ሥራ ቤቱም አልተበተነም።

የዴል ኧርንሃርት ቤት ዕጣ ሌላ ነው። ናስካር የተባለው የአሜሪካ መኪና ውድድር ጀግና ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2001 በዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር ላይ ሞተ። በዚያው ውድድር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እሱ ያቋቋመው ቡድን መኪኖች ነበሩ፤ ሁለተኛውን የነዳው ልጁ ነው። ቡድኑ በሟቹ ባለቤት እጅ ቆየ። ልጅየው የሕዝብ ፍቅር ወርሶ ስለነበር ከቡድኑ የሚበልጠውን ድርሻ ጠየቀ፤ ሳይስማሙ ቀሩና ለ2008 የውድድር ዘመን ወደ ሌላ ቡድን ሄደ። ተመልካቹም ተከተለው። ቡድኑ ከሌላ ጋር ተዋሐደ፣ በ2014 የኧርንሃርት ስም ከበሩ ላይ ወረደ።

ሦስተኛው ኮከቡ ያልሞተበት ነው። ቢቢሲ በ2015 ቶፕ ጊር የተባለውን የመኪና ዝግጅት የሚያቀርበውን ጄረሚ ክላርክሰንን፣ ፕሮዲውሰር በመምታቱ፣ አሰናበተው። ሁለቱ ባልደረቦቹና ዝግጅቱን ከጀርባ የሚያቀናብረው አንዲ ዊልማን አብረውት ወጥተው በአማዞን አዲስ ዝግጅት ከፈቱ። ስሙ ለቢቢሲ ቀረ፣ እጁ ሄደ። ቶፕ ጊር ቆይቶ በአዳዲስ አቅራቢዎች ማንሰራራት ጀምሮ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ አንዱ በቀረጻ ላይ ክፉኛ ተጎዳና ዝግጅቱ ቆመ።

ከሦስቱ የሚወጣው ትምህርት ኮከብ ይተካል ወይም አይተካም የሚል ጥንቆላ አይደለም። የሥራው ባለሙያዎች ከስሙ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ከቆዩ ስሙ ይቆያል፤ ከተለያዩ ግን ተመልካቹ የሚከተለው ባለሙያዎቹን ነው።

መሪው ለማን?

ብሎክ በሕይወት ሳለ አንድ ብልህ ነገር አድርጓል። በ2020 የጂምካናን መሪ ራሱ ለትራቪስ ፓስትራና ሰጠው። ፓስትራና በሞተር ሳይክል አየር ላይ እየተገለባበጠ ስሙን የተከለ፣ ራሊም የነዳ ሰው ነው። በሱባሩ የትውልድ ከተማውን አናፖሊስን አመሰ፣ በ2022 ደግሞ አሮጌ የሱባሩ ቤተሰብ መኪና ይዞ ፍሎሪዳ ወረደ። አነዳዱ ከብሎክ ይለያል፤ ብሎክ በስንዝር የሚለካ ሥራ ይወድ ነበር፣ ፓስትራና መዝለል ይቀናዋል። ተመልካቹ ተከራከረበት፣ ግን አየው። ስለዚህ ጂምካና ያለ ብሎክ መኖር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ተፈትኗል።

ከሞቱ በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ የተቀረጸው ሁለተኛው ኤሌክትሪካና ወጣ፤ መሪው ላይ አሁንም እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ፊልም አንድ ጊዜ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ መዝገብ ቤት ውስጥ ያለው ምስል ለመታሰቢያ ይሆናል እንጂ ለቀጣይ ዓመት ዕቅድ አይሆንም። በ2025 ሱባሩና ሁኒጋን ፓስትራናን ይዘው ለአዲስ ጂምካና ወደ አውስትራሊያ አቀኑ።

«ልጁ ትተካዋለች» የሚሉም አሉ። ሊያ ብሎክ በ14 ዓመቷ ሁኒኮርንን ነድታለች፤ አባቷ በሞተበት በ2023 በ16 ዓመቷ በአሜሪካ ራሊ በምድቧ ሻምፒዮን ሆናለች። በ2024 ግን የመረጠችው ኤፍ 1 አካዳሚ የተባለውን የሴቶች ውድድር ነው፣ በፎርሙላ 1 ቡድኑ በዊልያምስ ድጋፍ፤ ይህ ደግሞ ከጎማ ጭስ የራቀ፣ በሰከንድ ሽርፍራፊ የሚዳኝ ዓለም ነው። የአባቷን ንግድ በወጣት ትከሻዋ ላይ መጫን ለእሷም ለንግዱም አይበጅም። የኧርንሃርት ልጅ ታሪክ እንደሚያሳየው ወራሽ የራሱ መንገድ አለው።

የስፖንሰር ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ጉዳዩን የሚያዩት በቀዝቃዛ ዓይን ነው። አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ስም ያስፈራቸዋል፤ ሰው ይሞታል፣ ይታመማል፣ ያልሆነ ነገር ይናገራል። ብዙ ፊት ያለው ስም ይመርጣሉ፤ ሆኖም የአንድ ፊልም ዋጋ የሚወጣው አንድ ፊት በደንብ ሲታወቅ መሆኑን ያውቁታል። መኪና የሚሠሩት ባለሙያዎች የሚያነሡት ሌላ ነው፤ ብሎክ የማይሆን የሚመስል ሐሳብ ሲመጣለት «እሺ» ብሎ በጀቱንም አደጋውንም የሚሸከም አለቃ ነበር። ሾፌር ይገኛል፣ እንዲህ ያለ አለቃ ግን ከአበዳሪዎች ቦርድ ውስጥ አይበቅልም። የቆዩ ተመልካቾች ደግሞ ቅሬታቸው አጭር ነው፤ ግቢው ቀዝቅዞ መደብሩ ሞቀ ይላሉ።

> ከመቃብር በላይ ስም ይውላል ይባላል። በንግድ ግን የሚውል ስም ቀለብ ይፈልጋል።

ቀለቡ ምንድን ነው?

ከዕዳው ብዙውን ያራገፈው ድርጅት አሁን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ስሙን ማከራየት ነው፤ በቸርኬ ካርቶን፣ በጎማ፣ በቪዲዮ ጌም፣ በመጫወቻ መኪና ላይ ማተም። ይህ ወጪ የለውም፣ ገቢው ቶሎ ይመጣል፣ የሒሳብ ሰዎችም ይወዱታል። ስቲከሩን በ15 ዓመቱ የለጠፈ ልጅ 30 ሲሞላው ቸርኬውን ይገዛ ይሆናል። ከእሱ በኋላ የመጣው የ15 ዓመት ልጅ ግን ስሙን የሚያውቀው ከመደብር መደርደሪያ ብቻ ከሆነ፣ ሁኒጋን ለእሱ ከሌሎቹ ቸርኬዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ውድ ነው። ፊልም ሠሪዎቹንና በያጆቹን ከቸርኬው ሽያጭ ሪፖርት ነጻ አድርጎ ማቆየት፣ የራሳቸው በጀትና «እሺ» የሚል አለቃ መስጠት፣ በየጊዜው አንድ ከተማ አሳምኖ መንገድ ማዘጋት፣ ግቢውን ለማይታወቀው ልጅ መኪና ክፍት ማድረግ። እዚህ የሚወጣው ገንዘብ በዚያው ሩብ ዓመት አይመለስም። ያለ እሱ ግን ካርቶኑ ላይ የታተመው ስም የሚያስታውሰው ነገር አይኖረውም። ዊል ፕሮስ በ2021 ገንዘብ የከፈለው ሰው ፈልጎ ለሚያየው ሥራ ነው። ያ ሥራ ከቀረ ባለቤቶቹ እጅ የሚቀረው ዕዳ ፍርድ ቤት ያቆመው የቸርኬ ነጋዴ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የድሮው ስሙም ይበቃው ነበር።